የሎሚ ዛፍ ሥር አይራቆት

በኮልፌ ቀራንዮ፣ ከአየር ጤና እስከ ቤቴል፣ ከወይራ ሰፈር እስከ ዓለም ባንክ ባሉ ግቢዎች አንድ ሁለት እግር ሎሚ ማየት የተለመደ ነው። አንዱ አጥር ጥግ ቆሟል፣ ሌላው ልብስ ማጠቢያው አጠገብ አዘንብሏል፣ ሌላው ከጌሾና ከጤና አዳም ጋር ቦታ ተጋርቷል። ለሻይ፣ ለሰላጣ፣ ለጉንፋን፣ ለዶሮ ማጠቢያ የሚፈለገው እሱ ስለሆነ ከግቢው ዛፎች ሁሉ ሥራ የሚበዛበት ነው። ከብዙዎቹ ሥር ያለው መሬት ግን በየማለዳው ስለሚጠረግና ስለሚረገጥ ደድሮ ውኃ እንኳ አያሳልፍም። የወደቀው ቅጠል ታፍሶ ከቆሻሻ ጋር ይወጣል፤ ካልሆነም አንድ ጥግ ተሰብስቦ ይቃጠላል።

ግቢን ጠርጎ መዋል የጨዋ ቤት ምልክት ነው፤ እሱን ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ከዛፉ ሥር ያለችው ክብ መሬት ግን ከመጥረጊያ ነፃ ትሁን እላለሁ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት የሎሚን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሎሚ፣ ብርቱካን፣ መንደሪንና ትርንጎ ዘመዳሞች ናቸው፤ አንድ የጋራ ነገርም አላቸው። ውኃና ምግብ የሚስቡት ቀጫጭን ሥሮቻቸው ወደ ጥልቅ አይወርዱም። አብዛኞቹ የሚገኙት ከላይ ባለው ከ30 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር በሚሆን አፈር ውስጥ ነው። ፀሐይ ቀድማ የምታደርቀው፣ እግር የሚጠቀጥቀው፣ ጎርፍ የሚያጥበውም ይኸው የላይኛው አፈር ነው። ባህር ዛፍ በጋ ሲመጣ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ውኃ ያገኛል። ሎሚ ያ አቅም የለውም።

የአዲስ አበባ በጋ ደግሞ ረጅም ነው። ከተማዋ በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርድና ያበቃል። ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል። ከዚያ የበልጉ ካፊያ በየካቲት ወይም በመጋቢት እስኪመጣ ድረስ አራት አምስት ወር ደረቅ ነው፤ ካፊያውም አንዳንድ ዓመት ይቀራል። ኮልፌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ የቀኑ ፀሐይ ታቃጥላለች፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋሱም ከአፈሩ እርጥበት ይወስዳል። ቧንቧው በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜሉንና ሮቶውን እየቆጠበ የሚኖር ቤተሰብ ለዛፍ የሚተርፈው ውኃ ጥቂት ነው። ቅጠሉ የሚጠቀለለው፣ አበባው የሚረግፈው፣ ገና አተር ያከለችው ፍሬ የምትወድቀው በዚህ ጊዜ ነው። ሰው በሽታ መስሎት የሚረጭ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ግን ዛፉ የተጠማ እንጂ የታመመ አይደለም።

መፍትሔው የአፈሩን ገጽ በደረቀ ቅጠል፣ በሣር፣ በገለባ ወይም በመሰል ነገር መሸፈን ነው፤ የግብርና ባለሙያዎች ጉዝጓዝ የሚሉት ይህንን ነው። ለአገራችን ገበሬ አዲስ ትምህርት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጌዴኦ መልክዓ ምድር እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ በአንድ ማሳ ተደራርበው የሚኖሩበት ነው፤ ቅጠሉ በወደቀበት በስብሶ መልሶ አፈሩን ይመግባል። የቡና ገበሬም ከቡናው ሥር መሬቱን ሸፍኖ ይይዛል። ኮልፌ ላይ ከጉራጌና ከስልጤ የመጣ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ በእነዚህ ቤተሰቦች ዘንድ ፍግና የቤት ጥራጊ ወደ እንሰቱ ሥር እንደሚሄድ ማንም ልጅ ያውቃል። ለእንሰቱ የሚደረገው እንክብካቤ ለሎሚው ሳይደረግ መቅረቱ ነው የሚገርመኝ።

ጉዝጓዝ የሚሠራው ሥራ አንድ ብቻ አይደለም። ራቁቱን ፀሐይ ላይ የዋለ እርጥብ አፈር ክዳን እንደሌለው ድስት ነው፤ ውኃው በትነት ያልቃል። ሽፋን ሲኖረው ፀሐይና ነፋስ በቀጥታ ስለማይነኩት በአንድ ባልዲ ውኃ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ጠብታው አፈሩን በኃይል ከመምታት ይልቅ ቅጠሉ ላይ ይሰበራል፣ ውኃው ቀስ ብሎ ይሰርጋል። አረሙም ብርሃን አጥቶ ይዳከማል። ይህ ለሎሚ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱም ከሎሚ ሥር በመቆፈሪያ የሚኮተኩት ሰው ከአረሙ እኩል የዛፉን ቀጫጭን ሥሮች ይቆራርጣል። ከታች ያለው ቅጠል ቀስ በቀስ ሲበሰብስ ለመሬት ትሎችና ለደቂቅ ተሕዋስያን ምግብ ይሆናል። እነሱ የደደረውን አፈር ይበሳሱታል። አንድ ዓመት በደንብ የተሸፈነ መሬት ላይ ጉዝጓዙን ገለጥ አድርጋችሁ በእጃችሁ አፈሩን ብትዝቁት ልዩነቱን ራሳችሁ ታያላችሁ።

ምን ይጎዝጎዝ? በግቢው ያለ ደረቅ ቅጠል ይቀድማል። የግራዋ ቅጠል ቶሎ በስብሶ አፈሩን ይመግባል፤ የግራቪሊያ ቅጠል ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ ብዙ ወር ይቆያል። ሁለቱን መደባለቅ ጥሩ ነው። የታጨደ የግቢ ሣር አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ይጠውልግ፤ እርጥቡን በወፍራሙ ብትከምሩት ይሞቃል፣ ይሸታል፣ ተጣብቆም ውኃና አየር ይከለክላል። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ቤት የተጎዘጎዘው ቄጤማ በማግስቱ ሲጠረግ ወደ ሎሚው ሥር ይሂድ። ድፎ ዳቦ የተጋገረበት ኮባም እንዲሁ፤ በትናንሹ ከተቀደደ ይበቃል። የጤፍ ጭድ ግሩም ጉዝጓዝ ነው፤ ነገር ግን ለከብት መኖና ለጭቃ ቤት ስለሚፈለግ ዋጋ አለው፣ ለአንድ ሎሚ ብላችሁ ግዙ አልልም።

ሰጋቱራ ከየእንጨት ሥራ ቤቱ በቀላሉ ይገኛል። ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ የሚያበሰብሱት ተሕዋስያን የአፈሩን ናይትሮጅን ለራሳቸው ስለሚወስዱ ዛፉ ይራባል፣ የቆዩት ቅጠሎች ቢጫ ይሆናሉ። ስለዚህ ከላይ ብቻ፣ በስሱ፣ ከቅጠል ጋር ተደባልቆ ይበተን፤ ከሥሩም የበሰለ ፍግ ይኑር። ከኤምዲኤፍና ከቺፕውድ የወጣው ብናኝ ሙጫ ስላለበት ፈጽሞ አይግባ። የቡና አተላ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቦታ በብዛት ሲደፋ ደርቆ ቅርፊት ይሠራና ውኃ ይመልሳል፣ ስለዚህ በሰፊው ይበተን።

የማይገቡትም አሉ። ፍሬ የያዘ ሙጃ ካመጣችሁ በሚቀጥለው ክረምት ስታርሙ ትከርማላችሁ፤ ሰርዶ ደግሞ ከቁራጩ ይበቅላል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ወደ አገራችን የገባውና ዛሬ ዳገቱን ሁሉ የሸፈነው ባህር ዛፍ ትኩስ ቅጠሉ የሌሎችን ተክሎች ቡቃያ የሚያዳክም ዘይት አለው፤ ለብቻው ተከምሮ በደንብ ካልበሰበሰ በቀር ከትንሽ ችግኝ ሥር አታድርጉት። የምግብ ትራፊና የጠላ አተላ አይጥና ዝንብ ይጠራል። በስብሶ የወደቀ ሎሚም ይለቀም፤ የፍራፍሬ ዝንብ የሚፈላው በሱ ውስጥ ነው። ቅጠሉ ላይ ዙሪያው ቢጫ የሆነ ክብ ነጠብጣብ ካያችሁ፣ ያ ቅጠል ለጉዝጓዝ አይሆንም። በደቡብና በደቡብ ምዕራብ የአገራችን ክፍል የብርቱካን እርሻዎችን ክፉኛ የጎዳው የቅጠልና የፍሬ ነጠብጣብ በሽታ እንዲህ ያለ ምልክት አለው፤ ከወደቀ ቅጠልም መልሶ ወደ ዛፉ ሊዛመት ይችላል።

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነጥብ ልምጣ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፦ ጉዝጓዝ የሎሚውን ግንድ መንካት የለበትም።

በአፈር ውስጥ ፋይቶፍቶራ የሚባል ተሕዋስ ይኖራል። እርጥበት ሲያገኝ በውኃ ውስጥ የሚዋኙ ጥቃቅን ዘሮች ይረጫል፤ እነሱም የግንዱን ግርጌ ልጥ ያጠቃሉ። የዚሁ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ የአየርላንድን ድንች አውድሞ ያንን ታላቅ ረሃብ ያመጣ ነው፤ ዛሬም በደጋችን ክረምት ላይ ድንችና ቲማቲም ያጠወልጋል። ሎሚና ብርቱካን ላይ ሲመጣ መጀመሪያ ከግንዱ ግርጌ ሙጫ ይወርዳል፣ ልጡ ይጠቁራል፣ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። ልጡ ዙሪያውን ከተበላ ዛፉ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ከላይ ወደ ታች ይደርቃል። ወሎ ውስጥ ብርቱካን የሚያለሙ ገበሬዎች ይህን ሙጫ በደንብ ያውቁታል። ግንዱ ላይ የተከመረ እርጥብ ቅጠል ለዚህ በሽታ ምቹ ቤት ነው። ዛፋቸውን በመውደድ ቅጠሉን እንደ ጉብታ ግንዱ ላይ የሚቆልሉ ሰዎች ሳያውቁት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ከግንዱ ዙሪያ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ከምናምን ያህል፣ ባዶ ይተው። ያቺ ቀለበት ደረቅ ትሁን፣ አየር ያግኛት፣ ውኃም እሷ ውስጥ አይፍሰስ። የገዛችሁት ችግኝ የተዳቀለ ከሆነ ግንዱ ላይ የማዳቀያው ጠባሳ ይታያል፤ ያ ጠባሳ ምንጊዜም ከአፈርም ከጉዝጓዝም በላይ መሆን አለበት። የታችኛው አካል ብዙ ጊዜ ይህን በሽታ የሚቋቋም ዝርያ፣ ለምሳሌ ኮምጣጣ ብርቱካን፣ ስለሆነ ጠባሳው ከተቀበረ ጥቅሙ ይቀራል። ሙጫ ካያችሁ ሽፋኑን ወደ ኋላ ሳቡ፣ ግርጌውን ገልጣችሁ አድርቁት፣ የሞተውን ልጥ በንጹሕ ቢላ አንሡ፣ ውኃውንም ቀንሱ።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ ፈርቶ ጉዝጓዙን ጭራሽ ይተዋል። ያ ስሕተት ነው። በአውስትራሊያ የአቮካዶ አልሚዎች ከዚሁ ወገን ተሕዋስ ጋር ሲታገሉ ካገኟቸው ዘዴዎች አንዱ የዛፉን ሥር በወፍራም ጉዝጓዝ መሸፈን ነው። በሚበሰብሰው ቅጠል ውስጥ የሚራቡት ሌሎች ተሕዋስያን ጎጂውን ይፋለሙታልና። ከግንዱ እስከራቀ ድረስ ጉዝጓዝ ለሥሩ ወዳጅ ነው፤ ጣጣው የሚመጣው ግንዱ ላይ ሲከመር ብቻ ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። ጊዜው ከመስቀል እስከ ጥቅምት አጋማሽ፣ አፈሩ የክረምቱን እርጥበት ገና ሳይለቅ ነው። አረሙን በእጅ ንቀሉ። አንድ ሁለት ባልዲ የበሰለ ፍግ ወይም ብስባሽ ከቅርንጫፉ ጥላ ሥር በትኑ፤ ትኩስ የዶሮ ኩስ ግን ሥር ስለሚያቃጥል ይቅር። አፈሩ ደርቆ ከሆነ መጀመሪያ በደንብ አጠጡ፤ ደረቅ መሬት ላይ የተጎዘጎዘ ቅጠል ደረቁን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከዚያ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት አልብሱት፣ ከግንዱ ቀለበት ጀምሮ የቅርንጫፉ ጫፍ እስከሚያርፍበት ድረስ። ብዙ ሰው ከግንዱ አጠገብ ጥቂት አድርጎ ያቆማል፤ ውኃ የሚስቡት ሥሮች ግን እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ፣ አልፎም ይሄዳሉ።

ስንት ቅጠል ይበቃል ለሚል፦ ከግንዱ እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ አንድ ሜትር ተኩል የሚሆን ዛፍ ሥሩ ያለው ክብ ወደ 7 ካሬ ሜትር ነው። በ8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ለመሸፈን ከግማሽ ሜትር ኩብ ትንሽ የበለጠ፣ በኩንታል ጆንያ አራት ያህል ሙሉ ቅጠል ይፈልጋል። ቅጠሉ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ስለሚሰምጥ በታኅሣሥና በጥር መጨመር ይኖርባችኋል። ትንሽ ችግኝ ከሆነ አንድ ጆንያ ይተርፋል። ቅጠል የሚያንሳችሁ ከሆነ ከሥሩ ቀለም ያልበዛበትና ፕላስተሩ የተላጠለት ካርቶን አርጥባችሁ አንጥፉ፤ አረም በማፈን ይረዳል። ላስቲክና የማዳበሪያ ከረጢት ግን አታንጥፉ፤ አፈሩን አየር ይነሣል፣ ተቆራርጦም ግቢ ውስጥ ይቀራል።

ከተጎዘጎዘ በኋላ ውኃ የሚጠጣበትን ጊዜ በልማድ ሳይሆን በጣት ወስኑ። ቅጠሉን ገልጣችሁ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አግቡ፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ እርጥበት ካለ ዛፉ አልተጠማም። የልብስ ማጠቢያ ውኃ፣ በተለይ በረኪና ያለበት፣ ወደ ሎሚው አይደፋ።

ክረምት ሲመጣ የኮልፌ መሬት አንድ ዓይነት ስላልሆነ ምክሩም አንድ አይሆንም። ተዳፋት ላይ ባለ ቀይ አፈር ጉዝጓዙ በቦታው ይቆይ፤ ጎርፍ አፈር እንዳይጠርግ ይይዛል። ሜዳ ላይ ባለ ጥቁር ዋልካ ግን ነገሩ ይለያል። ዋልካ በበጋ እየተሰነጠቀ ሥር ይበጥሳል፣ ስለዚህ በዚያ ወቅት ጉዝጓዝ ከየትም በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን ውኃ አቁሮ ሥሩን ያፍናል። በሰኔ መጀመሪያ ላይ የቀረውን ቅጠል ወደ ውጭ ጠርጉት፣ ውኃ የሚወጣበት ቦይም ቅደዱ። አዲስ ችግኝ በዋልካ ላይ የምትተክሉ ከሆነ ከመጀመሪያው ጉብታ ላይ ትከሉት።

ረባዳ ቦታ ላይ ለምትኖሩ ሌላም ነገር አለ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠራ ባለ ሌሊት ውርጭ ሲወርድ፣ ያልተሸፈነ እርጥብ አፈር በቀን የያዘውን ሙቀት ሌሊት ለቅቆ ችግኙን ትንሽ ያሞቀዋል፤ ጉዝጓዝ ያንን ሙቀት ያግዳል። ውርጭ በሚያስቸግርበት ግቢ ለትንሽ ችግኝ በነዚያ ሳምንታት ሽፋኑን አሳሱት። ለትልቅ ዛፍ አያሳስብም።

ጉዝጓዝ የማያደርገውንም ልናገር። ብርቱካን በዚህ ከፍታ ቢያፈራም የመተሐራና የመርቲ ቆላ የሚሰጠውን ጣፋጭነት አያገኝም፤ ሙቀት ይጎድለዋልና። የትኛውም ቅጠል ያን አይለውጥም። ለኮልፌ ግቢ ሎሚና ትርንጎ ይሻላሉ፤ መንደሪን ደግሞ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ተተክሎ ቢሞከር አይከፋም።

ይህ ጉዳይ ከአንድ ዛፍ አልፎ ሰፈራችንን ይነካል። በየግቢው በከረጢት የምናወጣው ቅጠልና ልጣጭ ለአሥርት ዓመታት ሲጓዝ የኖረው እዚሁ ክፍለ ከተማችን ወደሚገኘው ረጲ፣ ወደ ቆሼ የቆሻሻ ክምር ነው። በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ያ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ የሞቱትም ጎረቤቶቻችን ናቸው። አንድ ጆንያ ቅጠል ግቢ ውስጥ ማስቀረት ያን ሐዘን አይሽረውም። ሊበሰብስ የሚችል ነገር ሁሉ ወደዚያ መሄድ እንደሌለበት ግን ከኮልፌ ሰው በላይ የሚያውቅ የለም። በሌላ በኩል ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ችግኝ እየተተከለ ነው፤ ብዙ ቤተሰብም የፍራፍሬ ችግኝ ወስዶ ግቢው ተክሏል። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ የሚፈተነው በጥርና በየካቲት ነው። ሥሩ ገና አጭር ስለሆነ ጉዝጓዝ ለሱ የግድ ነው።

ከዚህ ሁሉ ጋር የሚጋጭ አንድ ልማድ አለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. የዓለም ወረርሽኝ የሆነው ጉንፋን አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሺህ ሰው ጨረሰ፤ የኅዳር በሽታ የሚባለው እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን፣ በሚካኤል ዕለት፣ ከተማው ግቢውን ጠርጎ ጥራጊውን ያቃጥላል፤ ኅዳር ሲታጠን እንላለን። ያለፉትን ማሰብና ሰፈርን ማጽዳት የተከበረ ነገር ነው። ነገር ግን ያ ቀን የሚውለው በደረቁ ወቅት፣ ሎሚውም ሽፋን በሚፈልግበት ጊዜ ላይ ነው፤ በጭስ የሚወጣውም አብዛኛው ቅጠልና ሣር ነው። የዘንድሮው ኅዳር 12 ሲደርስ ግቢያችሁን እንደ ወትሮው ጥረጉ። ላስቲኩንና ጨርቁን ለይታችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎች ስጡ። ደረቁን ቅጠል ግን እሳት ውስጥ አትጨምሩት፤ ከግንዱ ስንዝር ከምናምን አርቃችሁ ከሎሚው ሥር በትኑት፣ የተረፈውንም ሎሚ ላለው ጎረቤት ስጡ።